የትናንቱን ክፍል ከፍቶ የዛሬውን መቆለፍ!

ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ቤተ መንግሥት ለማየት ሩቅ አይሄድም። ከበሩ ወጥቶ ወደ ላይ ቀና ቢል እንጦጦ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት አለ። ፊቱን አዙሮ ቁልቁለቱን ቢያያዘው ስድስት ኪሎ ላይ ገነተ ልዑል ይጠብቀዋል። አራት ኪሎን አልፎ ትንሽ ዘቅዘቅ ሲል ታላቁ ቤተ መንግሥት ከነአጥሩ ፊቱ ይገተራል። አሁንም ጉልበት ካለው ወደ ፍል ውኃ ይውረድ፤ መጀመሪያ ኢዮቤልዩ፣ ኋላ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የተባለው እዚያው ተቀምጧል። አራት ቤተ መንግሥት በአንድ ቁልቁለት! የጉለሌ ሕዝብ ቤተ መንግሥት ጎረቤቱ፣ መንግሥት ግን ባዳው ነው ብል ማን ይቆጣኝ ይሆን?

ባለፈው ሰሞን ከሰፈራችን ሽማግሌ ሸማኔ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሰውየው ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መወርወሪያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሳሉ። ጨዋታ አምጪ ብዬ፣ «ጋሼ፣ አንድነት ፓርክ ገብተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። እጃቸውን እንኳ ሳያቆሙ፣ «ኩታዬ ገብቷል፣ እኔ አልገባሁም» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ምን ያስቅሃል ልጄ? እኔ የሠራሁትን ለብሶ ስንቱ እዚያ በር ላይ ፎቶ ተነሥቷል። እኔ አጥሩን በውጭ ሳየው ነው ያረጀሁት፣ ይበቃኛል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች መልስ ነው።

እውነቱን እውነት ማለት ስላለብን መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ታላቁ ቤተ መንግሥት የሚባለው ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ግቢ ለስንት ዘመን ለተራው ሕዝብ የተከለከለ ስፍራ ነበር። በአጥሩ ሥር ቆም ማለት፣ ጫማ ለማሰር እንኳ ጎንበስ ማለት ያስገላምጥ ነበር። ካሜራ አውጥቶ ማንሳትማ አይታሰብም። ያ ግቢ በከፊል ታድሶ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ተመረቀ። የጎረቤት አገር መሪዎች ሳይቀሩ ተገኙ። በማግስቱ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኖቤል የሰላም ሽልማት አሸናፊ መሆናቸው ተነገረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ድርብ ድግስ! በሩ መከፈቱ መልካም ነው። የምኒልክ እንቁላል ቤት ከመፍረስ ዳነ፤ የግብር አዳራሹ ታደሰ፤ ልጆች ባለ ጥቁር ጎፈሩን አንበሳ በቅርብ አዩ። ይህን የሚክድ ዓይን ያለው ዕውር ነው።

ነገር ግን ጎበዝ፣ በር መከፈት አንድ ነገር ነው፤ ለማን ተከፈተ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ምን ምን ክፍል ተከፈተ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ነገር ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። ፓርኩ ሲከፈት ለኢትዮጵያዊ የተተመነው መግቢያ 200 ብር ነበር። «ቪ.አይ.ፒ.» ለተባለው ደግሞ 1,000 ብር። እንግዲህ በ2012 ዓ.ም. ባልና ሚስት ቤተ መንግሥታቸውን ለማየት 400 ብር መቁጠር ነበረባቸው ማለት ነው። ያውም ታክሲውን፣ የልጆቹን ውኃና ብስኩት ሳንጨምር። በዚያ ዓመት ለሸማኔው ቤት 400 ብር ምን ማለት እንደነበር ለአዲስ አበባ ሰው አልነግረውም፤ ያውቀዋል። ደግሞስ ይህ «ቪ.አይ.ፒ.» የሚሉት ነገር ምንድነው? በገዛ አገሩ ቤተ መንግሥት፣ ግብር ከፍሎ ባቆመው ግቢ፣ ሰው ተራና ክቡር ተብሎ በኪሱ መጠን ይሰለፍ? የድሮ ጌቶች ሰውን በማዕረጉ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። እኛ ያን አፍርሰናል ብለን ስንፎክር ኖረን በትኬት መለስነው!

«ፓርክ ወጪ አለው፣ አንበሳ ሥጋ ይበላል፣ ሣር ውኃ ይጠጣል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል። እኔም ትኬት ይቅር አላልኩም። በወር አንድ ቀን ለነዋሪው፣ ለተማሪው፣ ለጡረተኛው በነፃ ቢከፈት አንበሳው ጦሙን አያድርም ነው የምለው።

የትኬቱ ነገር ግን ትንሹ ቁስል ነው። ትልቁ ቁስል ውስጥ ነው ያለው።

ፓርኩ ውስጥ ጎብኚው ምን ያያል? የምኒልክን ቤትና ጸሎት ቤት ያያል። የኃይለ ሥላሴን ዙፋን ቤት ያያል። ከዚያም ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፤ ደርግ የንጉሡን ሹማምንት ያጎረበትን ጨለማ ያያል። ከዚያ ጨለማ የወጡት ሰዎች ወዴት እንደሄዱ አገር ያውቃል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ጭምር ያሉባቸው ስልሳ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ይህን ማሳየት ተገቢ ነው። ልጆቻችን ያንን ምድር ቤት ማየት አለባቸው።

ግን አስተውላችኋል ወይ? የሚታየው ሁሉ የሟች ነው። የሞተ ንጉሥ እልፍኝ፣ የወደቀ መንግሥት እስር ቤት። የቆመው መንግሥት ክፍል ጋ ስትደርሱ ጉብኝቱ ያልቃል። «መውጫው በዚህ በኩል ነው» ትባላላችሁ።

ይህ የዛሬ ሰዎች ብቻ የፈጠሩት ጥበብ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየወረድን የአራቱን ግቢ ታሪክ ብንጠይቅ ሁሉም ይህንኑ ይመሰክራል።

እንጦጦ እንጀምር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የነበረው ቤተ መንግሥታቸው ነጭ የተቀባ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት ነበር። ዛሬም አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውኃ ወርደው አዲስ አበባን ከሰየሟት በኋላ መንግሥት ቁልቁል ወረደ፣ ቤቱ ላይ ቀረ። የዓለም መኳንንት ስሙን የሰሙት ንጉሥ ያን ዓይነት ቤት ውስጥ ማደሩ ያስገርማል። ግን አናጋንን። የዚያ ዘመን ግብር የተበላው ገባሩ ከጎተራው አውጥቶ ባመጣው እህል ነው። ገባሩ ስንት አመጣ፣ ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ተረፈ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጠያቂ ያልነበረው የዘመኑ ሥርዓት ያ ስለነበረ ነው፤ ሕገ መንግሥት የለ፣ ምክር ቤት የለ።

ስድስት ኪሎ እንውረድ። ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ድሀ «ምጽዋት ይሰጣል፣ ግቡ» ተብሎ ተጠራ። ጠሪው ግራዚያኒ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ለምጽዋት የተሰበሰበው ሕዝብ በጥይት ታጨደ፤ ከተማዋም ለሦስት ቀን ነደደች። በዚያው ግቢ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥቱ ንዋይ ግልበጣ ሲከሽፍ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የታጎሩት መኳንንት ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ልብ በሉ! ከአራቱ ቤተ መንግሥቶች ውስጥ በእውነት የሕዝብ የሆነው ይህ ብቻ ነው። የሸማኔ ልጅ በዚያ በር የሚገባው ሊጎበኝ አይደለም፤ ሊማር ነው። የንጉሡ መኝታ ቤት እንኳ ዛሬ ሙዚየም ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የቤተ መንግሥት «መክፈት» አላውቅም።

ወደ ፍል ውኃ ደግሞ እንሂድ። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የንጉሡ የሃያ አምስተኛ ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የቆመ ነው። ሕዝቡ ይህንን ድሎት ለመጀመሪያ ጊዜ «የጎበኘው» በእግሩ አይደለም፤ በቴሌቪዥን ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አፈራርቆ አሳየ። በማግስቱ ጧት ንጉሡ ከዚያው ግቢ በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ያ ፊልም ውሸት አልነበረም፤ ረሃቡም ድግሱም እውነት ነበሩ። ግን ያንኑ ፊልም ያሳየ ደርግ በአሥረኛው ዓመቱ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ ወሎና ትግራይ ዳግም ሲረግፉ ከተማዋን በቀይ ጨርቅ አልብሶ የአብዮት በዓሉን ደገሰ። የንጉሡን ድግስ ያሳየን ሰው የራሱን ድግስ አሳየን እንዴ? ወጪውንስ ነገረን?

የሌላውን ጉድ ገልጦ የራሱን መሸፈን ይሉታል ይህ ነው!

አሁን ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት እንመለስ፤ የተቆለፈ ክፍል ምን እንደሚደብቅ እዚያ ነው የሚታየው። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በዚያ ግቢ ሞቱ። ለሕዝብ የተነገረው «በሕመም» ተብሎ ነው። መቃብራቸው የት ነው? ማንም አልነገረን። አጽማቸው ከዚያው ግቢ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። አስቡት እንግዲህ፤ የአንድ አገር ንጉሥ ሬሳ ከተማው መሐል፣ አውቶቡስ በሚያልፍበት አጥር ሥር፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ተደብቆ ሲቀመጥ ሕዝቡ በውጭ በኩል ያልፋል፣ ያገድማል። ሬሳ ከተደበቀ ደረሰኝ መደበቅ ምን ያቅታል?

ኢሕአዴግም ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጥቶ ያንኑ ግቢ ያዘ። የደርግን ጉድ በፍርድ ቤት ዘረገፈው፤ ጥሩ አደረገ። የራሱን ግቢ ግን እንደተዘጋ አቆየው። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይኸው በሩን ከፈተ፤ የኃይለ ሥላሴን እልፍኝና የደርግን ምድር ቤት አሳየን። የራሱን መዝገብ ግን ቆለፈ።

ምኑን ነው የቆለፈው? እንናገር።

አንደኛ፣ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚሁ በምኒልክ ግቢ «ገበታ ለሸገር» የሚባል እራት ተበላ። የአንድ ሰው ገበታ ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር! ባለሀብቶች ከፈሉ፣ በሉ፣ ፎቶ ተነሡ። ገንዘቡ የአዲስ አበባን ወንዞችና ዳርቻቸውን ለማልማት ነው ተባለ። ይሁን። ከዚያ ማዕድ የተሰበሰበው ምን ላይ ዋለ፣ ለየትኛው ሥራ ስንት ወጣ የሚል ዝርዝር ሒሳብ ግን ለሸማኔው ጆሮ አልደረሰም። የድሮው ገባር እህሉን አምጥቶ ሒሳብ አይጠይቅም ነበር። የዛሬው ግብር ከፋይም እንደዚያው ነው?

ሁለተኛ፣ የካ ተራራ ላይ ጫካ ፕሮጀክት የሚሉት አዲስ ቤተ መንግሥት ከነሙሉ ከተማው እየተሠራ ነው። አራቱ አልበቁንም፣ አምስተኛ ተጨመረ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለዚህ ፕሮጀክት ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ፣ ገንዘቡ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በጀት የወጣ አይደለም የሚል ነው። ይህ መልስ ለአንዳንዱ ማጽናኛ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያስደነግጠው ይኸው ነው! ከበጀት ቢወጣ እኮ ቢያንስ ቁጥሩን እናውቀው ነበር፤ ኦዲተር ያየው ነበር። ከበጀት ውጭ ከሆነ የማነው? ስጦታ ከሆነ ሰጪው ማን ነው? በምላሹስ ምን ይፈልጋል? የሰፈራችን ሰው ለሠርግ አንድ ከረጢት ስኳር ሲሰጠው እንኳ መዝገብ ላይ ያስጽፋል፤ ነገ ብድር መመለስ ስላለበት። ለአገር የተሰጠ ተራራ የሚያክል ስጦታ መዝገብ የለውም?

ሦስተኛ፣ ቤተ መንግሥቱ ጎረቤቶቹን እያጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ ፈረሰ፤ አራት ኪሎም ተነካ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ካዛንቺስ እኮ የቤተ መንግሥቱ አጥር ጥግ ነው! የግቢውን ጥሩምባ እየሰሙ ያደጉ ሰዎች፣ ዕቁባቸውን፣ ዕድራቸውን፣ ጉሊታቸውን ጥለው ወደ ከተማው ዳር ተወሰዱ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ ብስክሌት መሄጃው ተዘረጋ፤ አላየሁም አልልም። ግን ዕድር በኮንክሪት አይሠራም። ሟች የሚያነሣ፣ ንፍሮ የሚቀቅል ጎረቤት በአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ተበትኖ እንደገና አይሰበሰብም። እንግዳ ሲገባ ጎረቤት የሚወጣበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?

የእኛስ የእንጦጦ ነገር? እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ንጹሕ ነው፣ ያምራል። የዚያ ተራራ ባሕር ዛፍ ግን ለዘመናት የጉለሌ እናቶች ጀርባ ነበር። ከወገባቸው ታጥፈው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው በሽሮ ሜዳ በኩል ይወርዱ የነበሩትን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ያ ሸክም ቀረ ቢባል ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ተራራው ሲዋብ እነዚያ እናቶች ምን አገኙ? ስንቶቹ በምን ሥራ ላይ ናቸው? ይህም በመዝገብ ይነገረን። በወሬ ሳይሆን በመዝገብ!

አሁን የተለመደችው ስድብ እንደምትመጣ አውቃለሁ። «እናንተ ልማት አይታያችሁም፤ ቢሠራ ትነቅፋላችሁ፣ ባይሠራ ትነቅፋላችሁ» ትባላለች። ወንድሜ፣ ልማት ይታየኛል። የሚታየውን አይደለም የጠየቅሁት፤ የማይታየውን ነው። ቤት ያሠራ ሰው ለሚስቱ «እይ እንዴት ያምራል!» ብሎ ሳሎኑን እያስጎበኘ፣ «ገንዘቡን ከየት አመጣኸው? ዕዳ አለብን ወይ?» ስትለው ቢቆጣ፣ ያቺ ሚስት ልማት ጠል ናት ልትባል ነው?

ሌላውም ይመጣል፤ «የመሪ መኖሪያ የጸጥታ ጉዳይ ነው»። ይሁን! የመኝታ ቤታቸውን ካርታ አምጡ ያለ የለም። የዘበኞቹን ቁጥርም አልጠየቅንም። የብር መጠን ግን ከመቼ ወዲህ ነው የጸጥታ ምሥጢር የሆነው? ሲሚንቶ ያስፈራል እንዴ?

ደግሞ እኛ አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራሩን የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ዋናው ኦዲተር የሚባል መሥሪያ ቤትም በሕገ መንግሥቱ ተቋቁሟል። እነዚህ አንቀጾች በእንጦጦው የሣር ቤት ዘመን አልነበሩም፤ አሁን አሉ። ታዲያ መቼ ነው የምንጠቀምባቸው? ሙዚየም ሲገቡ?

እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ሦስት ነው፤ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ይጻፋሉ።

ትኬት መቁረጫው አጠገብ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈረንሳይ ድጋፍ ታድሶ የተመረቀው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ የጫካው ፕሮጀክት፣ እያንዳንዱ ስንት ብር ፈጀ፣ ማን ከፈለ፣ ምን ውል ተፈረመ፣ በትኬት በዓመት ስንት ገባ፤ በትልቁ ይጻፍ። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ እንኳ በየጊዜው ሒሳቡን ለአባላት ያነባል።

ምክር ቤቱ ደግሞ «ከበጀት ውጭ ነው» የሚለውን መልስ ሰምቶ ማጨብጨቡን ትቶ ዋናውን ኦዲተር ይላክ። በመንግሥት መሬት ላይ፣ በመንግሥት ሥልጣን የተሠራ ነገር ሁሉ የሕዝብ ነው፤ የሕዝብ ከሆነ ይመረመራል።

በመጨረሻም በወር አንድ ቀን በሩ ያለ ትኬት ይከፈት። ያን ቀን መጀመሪያ የሚገቡት ከግቢው ጥግ ተነሥተው ወደ ዳር የተወሰዱት ይሁኑ። ከእነሱ ቀጥሎ የጉለሌ ሸማኔዎች ይግቡ። ያለ «ቪ.አይ.ፒ.»።

መሪዎች ሆይ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚህ ግቢ ግድግዳዎች ሁሉንም አይተዋል። ምኒልክም አለፉ፣ ኃይለ ሥላሴም አለፉ፣ መንግሥቱም ኮበለለ፣ መለስም ሞተ። እያንዳንዱ «የእኔ ክፍል አይከፈትም» ብሎ ነበር። የሁሉም ተከፈተ! ከእነሱ በኋላ በመጣ ሰው እጅ፣ እነሱ ባልመረጡት አስጎብኚ ቃል ተከፈተ። የእናንተም ክፍል አንድ ቀን ትኬት ይቆረጥበታል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ በገዛ እጃችሁ ብትከፍቱት ሒሳብ ይባላል፣ ነገ ሌላው ሲከፍተው ግን እንደዚያ ምድር ቤት ጉድ ይባላል። ምርጫው የእናንተ ነው።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ለሽማግሌው ሸማኔ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። መወርወሪያቸውን አቆሙና፣ «ሰሌዳው የተሰቀለ ቀን ንገረኝ። ያን ቀን መግቢያውን ከፍዬ እገባለሁ» አሉኝ።

እኔም እየጠበቅሁ ነው። ቸር ያሰማን!